ሙቀቱን ቴሌቪዥኑ ይናገራል፤ ማድ ቤት ላለችው ግን ማን ይንገራት?

ውድ እህታችን፣ በአገራችን ሐምሌ ሲባል ዝናብና ጭቃ፣ ጭጋግና የተጠበሰ በቆሎ ነው ትዝ የሚለን። ዛሬ ባለንበት ምድር ግን ሐምሌ ማለት እሳት ነው። አንዲት እህታችን በአንድ የሐምሌ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሻይ እየጠጣን ያጫወተችን ታሪክ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት ሆነን። ስሟንም ያለችበትንም ቤት አንጠቅስም። ታሪኩን ግን ብዙዎቻችሁ "የእኔም ነው" እንደምትሉ እናምናለን።

"ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥኑ ስለ ሙቀት ያወራል" አለች። "ቁጥሩ ሃምሳ መድረሱን አየሁ። ማዳም ልጆቹ ከቤት እንዳይወጡ ከለከለች፤ የሳሎኑንም መከይፍ ጨመረችው። እኔን ግን ግቢውን እንዳጥብ ላከችኝ። ከዚያ ገብቼ የምሳ ጥብስ ጀመርኩ። ማድ ቤቱ መከይፍ የለውም። ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ራሴን አዞረኝ፤ አስመለሰኝ። ምች መታኝ ብዬ ክፍሌ ገባሁና ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። ሲያልበኝ ይወጣልኛል ብዬ ነው።"

ደግነቱ የቤቱ ትልቋ ልጅ አንድ ነገር ፈልጋ ወደ ክፍሏ ገባች። እህታችን ስትጠራት የምትመልሰው ቃል የተምታታ ሆነባት። ልጅቷ ጮኸች፤ ብርድ ልብሱን ገፈፉ፤ በውኃ አራሷት፤ ወደ ሐኪም ቤትም ወሰዷት። ዳነች። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ግን ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር አስገረመን። እህታችን ማስጠንቀቂያውን አይታዋለች። ዓረብኛው ቢያስቸግራትም ቁጥሩን አንብባለች። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ለእርሷም ጭምር የተነገረ አልመሰላትም። ለልጆቹ፣ ለማዳም፣ መኪና ለሚነዱት ሰዎች የተነገረ መሰላት። እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ነው፤ ስለ አየር ጠባይ ለውጥና ስለ ጤና በየመገናኛ ብዙኃኑ የሚነገረው ወሬ ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ምን ይመስላል? እንዲጠቅመንስ ምን እናድርግ? (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማስጠንቀቂያው ለማን ተጻፈ?

የባሕረ ሰላጤው አገሮች መንግሥታት የቀትር ፀሐይ እንደሚገድል አውቀው ሕግ አውጥተዋል። በኳታር ከ2021 ጀምሮ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ደጅ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። በኩዌት ከጁን እስከ ኦገስት መጨረሻ ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ በኤምሬትስ ደግሞ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ክልከላ አለ። ሕጉ መልካም ነው፤ የብዙ ወንድሞቻችንንም ነፍስ ይጠብቃል። ነገር ግን ሕጉ ሲወጣ በአሳብ የነበረው የሕንፃ ግንባታው ሠራተኛ ነው። ተቆጣጣሪውም የሚሄደው ወደ ግንባታው ቦታ እንጂ ወደ ሰው ቤት አይደለም። በቀትር ግቢ የምታጥበዋ፣ ሰገነት ላይ ወጥታ ልብስ የምታሰጣዋ፣ ከምድጃ ፊት ቆማ የምትጠብሰዋ እህት ከዚህ ዜና ውስጥ የለችም።

ከማስጠንቀቂያና ከጥላ ውጭ የቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበት በጁን 2024 በመካ ታይቷል። በሐጅ ቀናት በታላቁ መስጊድ አካባቢ ሙቀቱ 51 ነጥብ 8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት እንዳስታወቀው 1,301 ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም 83 ከመቶ ያህሉ ያለ ፈቃድ የመጡ፣ ያለ መጠለያና ያለ ዕረፍት በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። ስለ ሙቀቱ አልሰሙም ማለት አይደለም። መስማት ብቻውን ጥላ አይሆንም። "ውኃ ጠጡ፤ ከፀሐይ ራቁ" የሚለው ምክር ውኃው በእጁ ላለና መራቅ ለሚችል ሰው የተነገረ ነው። ውኃ ለመጠጣት ማስፈቀድ ለሚኖርባት ግን ምክሩ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ቀሪውን ግማሽ መንገድ ነው ዛሬ አብረን የምንሄደው።

"አንድ ነጥብ አምስት ዲግሪ" ማለት ምን ማለት ነው?

በዜና ላይ "የዓለም ሙቀት በ1 ነጥብ 5 ዲግሪ ጨመረ" ሲባል ብዙ ሰው "ይህችማ ምን አላት?" ይላል። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት 2024 እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ መሆኑን፣ ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከነበረውም ጊዜ በ1 ነጥብ 55 ዲግሪ ገደማ እንደሚበልጥ አስታውቋል። ይህ ቁጥር የመላው ዓለም የዓመት አማካይ ነው። በሰው ገላ አስቢው። ገላችን 37 ዲግሪ ነው፤ 38 ነጥብ 5 ሲሆን ትኩሳት ያዘን ብለን እንተኛለን። ምድርም ትኩሳት ይዟታል ማለት ነው። አማካዩ ትንሽ ከፍ ሲል በጣም የሚያቃጥሉት ቀናት ይበዛሉ፤ ይረዝማሉ፤ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም።

ምክንያቱ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ቃጠሎ የሚወጣው ጭስ ነው። በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናትና ሙቀቷ እንዳይወጣ ይይዝባታል። መካከለኛው ምሥራቅና የሜዲትራንያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከዓለም አማካይ በእጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት እየሞቁ መሆናቸውን ሊቃውንት ይናገራሉ። በኩዌት ሚትሪባ በምትባል ቦታ በጁላይ 21 ቀን 2016 የተለካው 53 ነጥብ 9 ዲግሪ በዓለም ድርጅቱ ተመርምሮ የጸደቀ ቁጥር ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ገላችን የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተንን ነው። እንደ ጂዳ፣ ዶሃና ዱባይ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንንም። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም እርጥበት ያለው ቀን ከደረቁ ቀን ሊብስ ይችላል። መስኮት የሌለው፣ ድስት የሚፈላበት ማድ ቤትም እንዲሁ ነው። በቴሌቪዥን የሚነገረው የደጁ ሙቀት ነው፤ የአንቺን ማድ ቤት የለካው የለም።

አንዲት የህንድ ከተማ ያደረገችው

ብዙዎቻችሁ ከህንድ እህቶች ጋር በአንድ ቤት ወይም በአንድ ሰፈር ስለምትሠሩ ይህን ብትጠይቋቸው ያውቁት ይሆናል። አሕመዳባድ በምዕራብ ህንድ በጉጃራት ያለች ትልቅ ከተማ ናት። በሜይ 2010 ሙቀቱ ወደ 47 ዲግሪ ተጠግቶ በዚያ ወር ብቻ ከተለመደው በላይ ከ1,300 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሙቀት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅና ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገር ሥርዓት አልነበረም።

ከተማዋ በ2013 በደቡብ እስያ የመጀመሪያ የሆነውን የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። በመጀመሪያ፣ ትንበያው በቀለም ተለይቶ እንዲነገር ተደረገ፤ ቁጥር ማንበብ ያልቻለ ሰው ቀለሙን ያውቃል። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ሰዉ በሚናገረው ቋንቋ በጉጃራቲ በወረቀት፣ በመንገድ ሰሌዳ፣ በሬዲዮና በስልክ መልእክት ተላለፈ። ሦስተኛ፣ "ሙቀት ነው" ብሎ ከማቆም ይልቅ የሚጠለሉበትን ቦታ፣ የሚጠጣውን ውኃ፣ የሕመሙን ምልክት ነገራቸው። አራተኛ፣ የጤና ሠራተኞች አስቀድመው ሠለጠኑ። ከዓመታት በኋላ የተደረገ ጥናት ዕቅዱ በዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ከሞት ሳያድን እንዳልቀረ ገምቷል።

ከዚያች ከተማ አንድ ተጨማሪ ነገር እንንገርሽ። በአንድ ሆስፒታል የአራስ ሕፃናት ክፍል የነበረው ከጣሪያው ሥር በላይኛው ፎቅ ነበር። ሕፃናቱ በሙቀት ይታመሙ ነበር። ክፍሉ ወደ ታች ሲዛወር በሙቀት የሚታመሙት ሕፃናት ቀነሱ። መኝታሽ ሰገነት ላይ ወይም ከጣሪያ ሥር ከሆነ ይህን አስታውሺ። ቀን የጋለ ጣሪያ ሌሊቱን ሙሉ ይተፋል። በጣም በሚሞቅባቸው ሌሊቶች ታች ባለ ክፍል መሬት ላይ እንኳ ቢሆን ለመተኛት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ምች ነው ወይስ ሌላ?

እኛ ኢትዮጵያውያን ፀሐይ ሲመታን የምንጠራው ስም አለን፤ ምች። መድኃኒቱም ዳማከሴ፣ መከናነብና ማላብ ነው ብለን አድገናል። በደጋው ብርድ ያደግንበት ልማድ ነውና እናቶቻችንን አንነቅፍም። ነገር ግን በዚህ አገር ሙቀት የታመመን ሰው መሸፈን እሳት ላይ እንጨት እንደ መጨመር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ደረጃዎች ለይተሽ እወቂ።

የመጀመሪያው የሙቀት ድካም ነው። ብዙ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የባትና የሆድ ጡንቻ መጨምደድ፣ የሰውነት መዛል ይታያል። ሥራውን አቁሚ፤ ቀዝቀዝ ወዳለ ክፍል ግቢ፤ ልብስሽን አላልተሽ ፊትሽን፣ አንገትሽንና ክንድሽን በውኃ አርጥቢ፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ ጠጪ። በፋርማሲ የሚሸጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በውኃ ተበጥብጦ ቢጠጣ የበለጠ ይረዳል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለሽ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛውና ገዳዩ ዓረቦች "ዳርበት ሸምስ" የሚሉት ነው። ንግግር ይምታታል፤ ሰውየው ያለበትን አያውቅም፤ ገላው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ላቡ ሊቆም ወይም ሊቀጥል ይችላል፤ ራሱን ሊስት ወይም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። እዚህ ላይ ደቂቃ ዋጋ አለው። መጀመሪያ አምቡላንስ ጥሪ። እስኪመጣ ድረስ ልብሱን አውልቀሽ መላ ገላውን በውኃ አርሺ፤ አራግቢ፤ በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልለሽ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት አድርጊ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጪ፤ በጎኑ አስተኚው። ነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት እህት ከሌላው ቀድማ ትጎዳለችና በይበልጥ ትጠንቀቅ።

ለማዳም እንዴት ይነገራል? "ሥራ ሰነፍሽ" እንዳትባይ መፍራትሽን እናውቃለን። ቴሌቪዥኑን ምስክር አድርጊው። "ማዳም፣ በዜና ዛሬ ቀትር ላይ አደገኛ ነው ተብሏል፤ ግቢውን በማለዳ ልጠበው" ብትዪ ሥራውን እንቢ አላልሽም፤ ሰዓቱን ነው የለወጥሽው። የውኃ ጠርሙስሽንም በማለዳ ሞልተሽ ማድ ቤት አስቀምጪ፤ በየጊዜው ከማስፈቀድ ትድኛለሽ። ከታመምሽ ደግሞ "አና ዳይኻ ሚነል ሐር" በዪ፤ "ከሙቀቱ የተነሣ ራሴን አዞረኝ" ማለት ነው።

በስልክ የሚዞረው ወሬ

ቴሌቪዥኑ በማንረዳው ቋንቋ ሲናገር ክፍተቱን የሚሞላው ስልክ ነው። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲገባ "ቀዝቃዛ ውኃ አትጠጡ፤ የደም ሥር ይፈነዳል፤ ሐኪሞች አስጠንቅቀዋል" የሚል መልእክት ይዞራል። ሐሰት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ የደም ሥር አያፈነዳም። ውኃ መከልከል ግን ይገድላል።

በኤፕሪል 16 ቀን 2024 በኤምሬትስ የወረደውንም ዝናብ ታስታውሺ ይሆናል። በአል ዓይን አካባቢ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ዘነበ፤ መዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ያልታየ ነበር። በዚያው ቀን "መንግሥት በአውሮፕላን ደመና ዘርቶ ያዘነበው ነው" የሚለው ወሬ ዓለምን ዞረ። የአገሪቱ የሜትዎሮሎጂ ማዕከል በዚያ ወጀብ ጊዜ ደመና የመዝራት በረራ አለመደረጉን ገለጸ። ወጀቡ ግዙፍና አስቀድሞ የተተነበየ ነበር፤ የሞቀ አየርም ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም ዝናቡ ሲወርድ ይበረታል። ሰው ግን ስለ አውሮፕላኑ ሲከራከር ሊነገር የሚገባው ቀላል ምክር ተረሳ፤ ወደ ጎርፍ ውኃ አትግቡ፤ የተኛውን ውኃ ድፉ፤ ትንኝ ይራባበታልና።

አባቶቻችን "ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት" ይላሉ። መልእክት ሲደርስሽ ከማስተላለፍሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። የተናገረው ማን ነው? መቼ ነው የተነገረው? ምን አድርጊ ይለኛል? ስም የሌለው፣ ቀን የሌለው፣ ማስፈራራት ብቻ የሞላበት ከሆነ ከአንቺ ስልክ አይለፍ።

ወደ ቤት ስንደውል

ነገሩ በዚህ አገር ብቻ አያበቃም። ከቤተሰብ ጋር ስንነጋገር የምንጠይቀው ስለ ገንዘቡ መድረስ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ነው። አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ "ወባው እንዴት ነው?"

በኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ብቻ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ጦርነቱ፣ የሕዝብ መፈናቀልና የአየር ጠባዩ መለወጥ ከምክንያቶቹ መካከል ተጠቅሰዋል። "እኛ ደጋ ነን፤ ወባ የቆላ በሽታ ነው" የሚለውም እምነት ዛሬ አያስተማምንም። በ2014 የታተመ ጥናት በአገራችን ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እየወጣ እንደሚሄድ አሳይቷል።

በከተማ ላሉት ደግሞ አዲስ እንግዳ መጥቶባቸዋል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ትራባለች። ስንቶቻችን ነን ለእናታችን ሮቶና በርሜል መግዣ የላክን? መልካም አድርገናል። ግን "እማዬ፣ ክዳኑን ግጠሚው፤ ሳይከደን አይደር" ብለን አልጨመርንበትም ይሆናል። የጤና ባለሙያ በሬዲዮ መቶ ጊዜ ቢናገረው ሮቶውን የላከችው ልጅ አንድ ጊዜ ስትናገረው የበለጠ ይሰማል። "ትኩሳት ከያዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ" የሚለውንም አክዪበት።

አንድ ደቂቃ ድምፅ

ከአሕመዳባድ የተማርነው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሰውን የሚያድነው በሚገባው ቋንቋ፣ በሚያምነው ሰው አፍ፣ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ሲነግረው ነው። ጣቢያው ይህን ካላደረገልን እርስ በርሳችን እናድርገው። ዓረብኛ የምትሰሚ እህት ዜናውን ሰምተሽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ቅጂ። ለምሳሌ እንዲህ፦

"እህቶች፣ ዛሬ ሰኞ ነው። በቴሌቪዥን እንደተነገረው እስከ ረቡዕ ሙቀቱ ይበረታል። ግቢና መኪና በማለዳ እጠቡ። ውኃችሁን ሙሉ። ራስ ካዞራችሁ አትከናነቡ፤ በውኃ ራሱ። ስልክ ለሌላት ጎረቤት በመስኮትም ቢሆን ንገሯት።"

ቀኑ አለበት፤ ምንጩ አለበት፤ የሚደረገውም አለበት። ሌላ አያስፈልገውም።

ከቴሌቪዥኑ ለይተሽ የምትሰሚያቸው ቃላት፦ "ሐር" ሙቀት፣ "መውጀት ሐር" የሙቀት ማዕበል፣ "ረጡባ" እርጥበት፣ "ጉባር" አቧራ፣ "ተሕዚር" ማስጠንቀቂያ፣ "ኢስዓፍ" አምቡላንስ።

የአምቡላንስ ቁጥሮች፦ ሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታር 999፣ ባሕሬን 999፣ ኦማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911፣ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140። ቆርጠሽ ከማድ ቤቱ ቁም ሣጥን በር ውስጥ ለጥፊው።

ያች እህታችን ዛሬ ደህና ናት። ዓርብ ዓርብ ስትመጣ አዲስ ለመጡት ልጆች የምትነግራቸው የመጀመሪያ ነገር "ምች መታኝ ብላችሁ እንዳትከናነቡ" የሚለው ነው። ቴሌቪዥኑ ያልደረሰበት ማድ ቤት የእርሷ ቃል ደርሷል። የአንቺም እንዲደርስ ምኞታችን ነው።